«አንተ ማን ነህ?»፦ የዕብራውያንን መጻሕፍት እንደ ማንነት ካርታ ማንበብ ይገባልን?

ታናሹ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ስለ መጽሐፍ አነባበብ ነው፤ ይሁን እንጂ ከሕይወቴ ተለይቶ የመጣ ስላልሆነ ከየት እንደ ተነሣ አስቀድሜ ልናገር።

ከሠላሳ ዓመት በፊት በኩታበር ገጠር ስንኖር ታላቅ ወንድሜና እኔ በአንድ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈተንን። እርሱ አለፈ፣ እኔ ወደቅሁ። በዚያው ክረምት አባታችን ስላረፈ እርሻውን የሚይዝ ሰው አስፈለገና ሞፈሩ በታላቄ ትከሻ ላይ ወደቀ። ደሴ የሚኖረው አጎቴ ደግሞ የተገኘው ዕድል ባክኖ እንዳይቀር ብሎ የወንድሜን የምስክር ወረቀት ወሰደ፤ ፎቶውን በምላጭ ልጦ የእኔን ለጠፈበት። ከማኅተሙ ግማሹ ከተላጠው ፎቶ ጋር ሄዶ ስለ ነበር፣ አጎቴ በፋኖስ ብርሃን ጎንበስ ብሎ የጎደለውን ክብ መስመር በሐምራዊ ቀለም ሲሞላ፣ ወረቀቱ እንዳይነቃነቅ ጠርዙን ይዤለት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በባንክ፣ በጋብቻ ሰነዴም ላይ የምጠራው በወንድሜ ስም ነው። በልጅነት ስሜ የምትጠራኝ እናቴ ነበረች፤ እርሷም ባለፈው ዓመት አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ኦሪት ዘፍጥረትን ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርሁ። ምዕራፍ 27 ላይ ስደርስ፣ ዓይኑ የፈዘዘው ይስሐቅ ወደ እርሱ የገባውን ልጁን «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቀውና ያዕቆብም «የበኵር ልጅህ ዔሳው ነኝ» ብሎ ሲመልስ፣ መጽሐፉን ከድኜ ለብዙ ሰዓት መቀጠል አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ ብሉይ ኪዳንን የማነበው በዚህ ዓይን ሆኗል። እግዚአብሔር አዳምን «ወዴት ነህ?» ማለቱ፣ ሙሴ በእሳቱ ቍጥቋጦ ፊት «እኔ ማን ነኝ?» ማለቱ፣ ከሞዓብ ባዶ እጇን የተመለሰችው ኑኃሚን የቤተ ልሔም ሴቶችን «ማራ በሉኝ እንጂ ኑኃሚን አትበሉኝ» ማለቷ፣ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያጣና እንዴት እንደሚያገኝ የሚያሳይ አንድ ካርታ መስሎ ይታየኛል።

ይህን በጽዋ ማኅበራችን ሳነሣ አንድ የማከብረው ወንድም «መጽሐፉ እግዚአብሔርን እንድታውቅበት ተጻፈ እንጂ መልክህን እንድታይበት መስተዋት አይደለም» አለኝ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እንዲህ ማንበብ ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ ልኩ የት ላይ ነው?

የብሉይ ተማሪ (ደሴ)

ወንድሜ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በወጣትነቴ በመጻሕፍት ትርጓሜ ጥቂት ዓመታት የቆየሁ ሰው ስለ ሆንሁ ከዚያ በኩል የማውቀውን ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ፣ መጽሐፍን ወደ ነፍስ መልሶ ማንበብ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ሊቃውንቶቻችን አንዱን ንባብ ከተረጎሙ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ምሥጢር ያመጣሉ፤ «አንድም» ብለው ደግሞ ሦስተኛ ይጨምራሉ። ከእነርሱ በፊትም በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው አይሁዳዊው ፊሎን፣ አብርሃም «ከአገርህ፣ ከዘመዶችህ፣ ከአባትህም ቤት ውጣ» የተባለበትን ቃል ሲተረጉም አገሩን ሥጋ፣ ዘመዶቹን የስሜት ሕዋሳት፣ የአባቱን ቤት ደግሞ የአፍ ንግግር ብሎ፣ መንገዱን የነፍስ ጉዞ አድርጎ አንብቦታል። በሦስተኛው መቶ ዓመት አርጌንስም፣ ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርቱን ባትቀበለውም፣ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 33 የተቈጠሩትን 42 የበረሃ ሰፈሮች አንድ በአንድ እያነሣ ነፍስ የምታድግባቸው ማረፊያዎች ናቸው ብሎ አስተምሯል።

ሆኖም የኔታ ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ነጠላው ትርጉም፣ ማለትም የቃሉ ግልጥ ንባብ፣ ሳይቆም ምሥጢር አይታነጽም። ፊሎንን ሳነብ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ አብርሃም ሚስትና ከብት፣ ድንኳንና የውኃ ጉድጓድ ያለው ሰው መሆኑ አንዳንድ ጊዜ ይረሳል። ስለዚህ የማኅበር ወንድምዎ ስጋት ከንቱ አይደለም። ልኩ የት ላይ ነው ላሉት የእኔ መልስ፣ ወደ ውስጥ የሚያዩበት ንባብ የታሪኩን ቃል እስካላፈረሰ ድረስ ይገባል የሚል ነው።

እንግዲህ ወደ ነጠላው እንግባ፤ ያዕቆብ ላይ ቃሉ ራሱ ከእርስዎ ሐሳብ ጋር ይሄዳልና። ያዕቆብ ማንነቱን በቀጥታ የተጠየቀው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ እጁንና አንገቱን በፍየል ጠቦት ቆዳ ሸፍኖ የወንድሙን ስም ተናገረ፤ አባቱ ግን «ድምፁ የያዕቆብ ድምፅ ነው፣ እጆቹ ግን የዔሳው እጆች ናቸው» አለ። በሁለተኛው፣ በምዕራፍ 32፣ በያቦቅ መሻገሪያ ሌሊቱን ሙሉ የታገለው «ስምህ ማን ነው?» ቢለው «ያዕቆብ ነኝ» አለ። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል በእናቱ ወንድም በላባ ቤት ያሳለፋቸው 20 ዓመታት አሉ። እዚያም በሠርጉ ሌሊት በጨለማ የላባን ታናሺቱን ልጅ ራሔልን ጠብቆ ታላቂቱን ልያን አገኘ፤ ላባም «በአገራችን ታናሺቱን ከታላቂቱ በፊት መስጠት ወግ አይደለም» አለው። ላባ ለልያ የተጠቀመበት የዕብራይስጥ ቃል የበኵርነት ቃል ነው፤ ያዕቆብ ያንን ሲሰማ ምን እንደ ተሰማው መጽሐፉ አይናገርም፣ አንባቢው ግን ይሰማዋል።

«ያዕቆብ ነኝ» የሚለው መልስ ቀላል እንዳይመስልዎ። ስሙ ከተረከዝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዔሳውም በእንባው ቀን «ሁለት ጊዜ አሰናክሎኛልና በእውነት ያዕቆብ ተባለ» ብሎ ስሙን ክስ አድርጎታል። ስለዚህ በያቦቅ ስሙን መናገሩ የተከሰሰበትን ማመኑ ነበር፤ አዲሱ ስም የተሰጠውም ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያልፈውን ይመልከቱ። አብራም አብርሃም ከተባለ በኋላ የዘፍጥረት መጽሐፍ ተመልሶ አብራም አይለውም። ያዕቆብ ግን እስራኤል ከተባለ በኋላም ያዕቆብ እየተባለ ይኖራል፤ በምዕራፍ 46 ወደ ግብፅ ሲወርድ እግዚአብሔር ራሱ በሌሊት ራእይ «ያዕቆብ፣ ያዕቆብ» ብሎ ጠርቶታል። ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰው ላይ አብረው አረጁ፤ ሰውየውም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እያነከሰ ሄደ።

ዘቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። በኮምቦልቻ የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ሙስሊም ነኝ፣ የእናቴ እናት ግን ክርስቲያን ነበሩ፤ ለወሎ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ወንድም ጠያቂ፣ ለእርስዎ ከያዕቆብ ይልቅ ልጁ ዮሴፍ ይቀርብዎታል ብዬ አስባለሁ። ያዕቆብ የሌላውን ስም የያዘው ፈልጎ፣ ካደገ በኋላ ነው። እርስዎ ግን የወረቀቱን ጠርዝ የያዙ ልጅ ነበሩ። ዮሴፍን በ17 ዓመቱ ሌሎች ሸጡት፤ ከዚያ ወዲያ የሆነበትን በልብሱ መከታተል ይቻላል። የአባቱን ስጦታ ቀሚስ ወንድሞቹ ገፈፉት፤ የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ይዛ ቀረች፤ ከእስር ሲወጣ ልብሱን ለወጠ፤ በመጨረሻም ፈርዖን የተልባ እግር አለበሰውና ጸፍናት ፐዕናህ የሚል የግብፅ ስም ሰጠው። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው በፊቱ ሲሰግዱ አላወቁትም። እርሱም በአስተርጓሚ ያናግራቸው ስለ ነበር ቋንቋቸውን እንደሚሰማ አልጠረጠሩም፤ በእርሱ ላይ ስላደረጉት ግፍ እርስ በርስ ሲናገሩ ሰማና ዘወር ብሎ አለቀሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚይዘኝ ነገር የበኵር ልጁ ስም ነው። «እግዚአብሔር መከራዬንና የአባቴን ቤት ሁሉ አስረሳኝ» ብሎ ምናሴ አለው። ረሳሁ ያለው ሰው ስሙን ያወጣው በአባቱ ቤት ቋንቋ ነው፤ ልጁን በጠራ ቁጥርም ረሳሁት ያለውን ያስታውሳል። በክፍል ውስጥ ስለ ስም አወጣጥ ሳስተምር ይህን ሳላነሣ አላልፍም።

ከተሸጠ 22 ዓመት ያህል ሲሆነው አገልጋዮቹን ሁሉ አስወጥቶ «እኔ ዮሴፍ ነኝ፤ አባቴ እስከ አሁን በሕይወት አለን?» አለ። ወንድሞቹ ደንግጠው መመለስ አቃታቸው። ያን ጊዜ «ወደ እኔ ቅረቡ» አለና «ወደ ግብፅ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ» ብሎ ጨመረ። ስሙ ብቻውን አልበቃም። ማን እንደ ሆነ የታወቀው ወንድም መሆኑና የሆነው ነገር አብረው ሲነገሩ ነው። ለዚህ ነው ሰው ብቻውን ተቀምጦ ራሱን ያገኛል የሚለውን ከእነዚህ መጻሕፍት ማውጣት የማልችለው።

በቁርኣንም የዩሱፍ ታሪክ በአንድ ሱራ ተሟልቶ ይገኛል፤ 12ኛው ሱራ ነው፣ 111 አንቀጾች አሉት፤ ራሱንም ከታሪኮች ሁሉ መልካሙ ይለዋል። «ነፍስ በክፉ አዛዥ ናት» የሚለው ቃል የሚገኘው በዚያው ሱራ ነው። ዑለማዎቻችን ከሌሎች ሁለት ሱራዎች ወቃሽ ነፍስንና የረጋች ነፍስን ጨምረው የሰውን ውስጥ በእነዚህ ደረጃዎች ያስተምራሉ። አንድ ቃል፣ ነፍስ፣ በዕብራይስጥ ነፌሽ፣ በዐረብኛ ነፍስ፣ በግዕዝና በአማርኛም ያው ነፍስ ሆኖ መገኘቱን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው ዝም ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ከብሉይ ተማሪው ለየት ባለ መልኩ ማየት እፈልጋለሁ። የስም መለወጥን ሁሉ እንደ በረከት ማንበብ የለብንም። በዳንኤል መጽሐፍ የባቢሎን ጃንደረቦች አለቃ ለአራቱ የአይሁድ ወጣቶች አዲስ ስም ሰጣቸው፤ ዳንኤልን ብልጣሶር አለው። ንጉሡ በዚያ ይጠራዋል፤ መጽሐፉ ግን እስከ መጨረሻው ዳንኤል ይለዋል። እኛ የምንኖረው ከቦሩ ሜዳ ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ በወሎ ብዙ ሰው ሃይማኖቱንና ስሙን በትእዛዝ እንዲለውጥ ተደርጓል፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ ዐሊም ያን ጊዜ ተጠምቀው ንጉሠ ነገሥቱ የክርስትና አባት ሆነዋቸዋል። የአንዳንዱ ሰው አዲስ ስም ልቡ ሆኗል፣ የሌላው በቤቱ ውስጥ አልተጠራበትም። በትግል ሌሊት የተገኘን ስምና በሌላ እጅ የተጻፈን ስም መጽሐፉ ራሱ ይለያቸዋል፤ ካርታ ካልነው ይህ ልዩነት በካርታው ላይ መገኘት አለበት።

የምክር ባለሙያ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ሥራዬ የሥነ ልቦና ምክር ስለ ሆነ «ካርታ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ልበል። ከሥነ ልቦና ሊቃውንት ሲግመንድ ፍሮይድ በ1939 እ.ኤ.አ. ስለ ሙሴ፣ ካርል ዩንግ ደግሞ በ1952 እ.ኤ.አ. ስለ ኢዮብ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ንድፈ ሐሳብ ይዘው ወደ ጽሑፉ ስለ ገቡ ይዘውት የገቡትን ይዘው ወጡ። በእነርሱ መንገድ ባንሄድ ይሻላል እላለሁ።

መጻሕፍቱን በራሳቸው ቃል ካነበብናቸው ለዛሬው «ማንነት» ቀጥተኛ ስም የላቸውም። ያላቸው ጥያቄው ነው። በአማርኛችንም «ማንነት» የሚለው ቃል «ማን» ከሚለው ጥያቄ መሠራቱን ልብ ይበሉ። ልብ ስል ደግሞ ሌላ ቃል ደረስሁ፤ በዕብራይስጥ ሌብ የሚያዝን ብቻ ሳይሆን የሚያስብና የሚወስን ነው፤ እኛም «ልብ በል»፣ «ልብ የለውም»፣ «ልቡ ያውቀዋል» ስንል በዚያው ሐሳብ ውስጥ ነን። ነፍስም በሥጋ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ነገር አይደለችም፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 2 አዳም «ሕያው ነፍስ ሆነ» ተባለ እንጂ ነፍስ ኖረው አልተባለም። የእነዚህን መጻሕፍት የሰው ሐሳብ ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ብዙ መንገድ መሄድ አይጠበቅበትም።

እጅግ የምወደውን አንድ ቦታ ላሳይዎ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 ገበሬው የመከሩን በኵራት በቅርጫት ይዞ በካህኑ ፊት ቆሞ የሚናገረው ቃል አለ። ስለ ተቅበዘበዘው አባቱ ይጀምራል፤ እርሱ ወደ ግብፅ ወረደ ይላል፤ ከዚያ ሳያስታውቅ ተውላጠ ስሙ ይለወጥና ግብፃውያን አስጨነቁን፣ ጮኽን፣ አወጣን ይላል፤ በመጨረሻም «እነሆ፣ አሁን እኔ አመጣሁ» ይላል። ከ«አባቴ» ወደ «እርሱ»፣ ከ«እርሱ» ወደ «እኛ»፣ ከ«እኛ» ወደ «እኔ» በጥቂት ዓረፍተ ነገር ደረሰ። «እኔ» የሚለው ቃል የመጣው መጨረሻ ላይ፣ ቅርጫት ተሸክሞ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ሳኦልም ዳዊትን ከጎልያድ ድል በኋላ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።

ደግሞም ይህ «እኛ» ግለሰቡን አይውጠውም። ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 አባቶች ጎምዛዛ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ምሳሌ እንዳይናገሩ ከልክሏቸዋል። አጎትዎ በፋኖስ ብርሃን ያደረጉትን የእርስዎ ጥርስ መሸከም የለበትም። የሰነዱ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እርሱን ለሕግ ባለሙያ ይተዉት።

በሥራዬ የማያቸው ብዙ ሰዎች አሮጌውን ስማቸውን ደምስሶ የሚወለድ አዲስ ሰው ይሻሉ። ለእነርሱ የማነበው መዝሙር 42ን ነው፤ በግዕዙ ዳዊት 41ኛው ነው። ዘማሪው «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ መልሱን ሰጥቶም እንደገና ያንኑ ይጠይቃል፤ በሚቀጥለው መዝሙር መጨረሻም ሦስተኛ ጊዜ ይጠይቃል።

የብሉይ ተማሪ (ደሴ)

እኅታችን ስለ ዮሴፍና ስለ ዳንኤል የጻፉትን ተቀብያለሁ፤ የስምን መለወጥ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ወስጄው ነበር። አንድ ነገር ልጨምርላቸው፤ በምዕራፍ 42 ዮሴፍ ወንድሞቹን «አወቃቸው» እና ራሱን «እንግዳ አደረገባቸው» የሚሉት ሁለት ቃላት በዕብራይስጥ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በግዕዝ እንግዳና ልዩ የሆነውን «ነኪር» የምንለው ከዚያው ቤተሰብ ነው።

ወንድም ጠያቂ፣ በመጀመሪያው መልሴ በያቦቅ ሌሊት ላይ ማቆሜ ስሕተት ነበር፤ ታሪኩ በማለዳው፣ በምዕራፍ 33፣ ይቀጥላልና። ያዕቆብ ከመሻገሩ በፊት ለዔሳው እጅ መንሻ አስቀድሞ ሲልክ ያሰበው «ፊቱን በስጦታ አባብላለሁ፣ ከዚያም ፊቱን አያለሁ፣ ምናልባት ፊቴን ይቀበል ይሆናል» ብሎ ነው። ሌሊቱን የታገለበትን ቦታ የእግዚአብሔርን ፊት አየሁ ሲል ጵንኤል አለው። ነግቶ ዔሳው ሮጦ አንገቱን አቅፎ ሲስመው ደግሞ «ፊትህን ማየቴ የእግዚአብሔርን ፊት እንደ ማየት ነው» አለው። ከዚያም በኋላ «በረከቴን ተቀበለኝ» አለ። በዕብራይስጡ በራካ ነው፤ በምዕራፍ 27 ዔሳው «በረከቴን ወሰደ» ብሎ ያለቀሰበት ቃል ራሱ ነው። የወሰደውን በስሙ ጠርቶ መለሰ። እኛ በአማርኛ ለከበረ ሰው የሚሰጠውን «ገጸ በረከት» እንለዋለን፤ ፊትና በረከት በአንድ ቃል።

ስለዚህ በዚህ ንባብ አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለ። በጻፉት ሁሉ ውስጥ ስለ ራስዎ ስም እንጂ ስለ ወንድምዎ አልነገሩንም። በሕይወት አሉ?

ታናሹ (ደሴ፣ ሸዋ በር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ሁለት ቀን ሙሉ አስቀመጠኝ። ወንድሜ በሕይወት አለ፤ ዛሬም ያንኑ የአባታችንን እርሻ ያርሳል። በእናታችን ቀብር ላይ ጎን ለጎን ቆመን ነበር፤ ስለዚህ ነገር ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አንሥተን አናውቅም። ስሙን ይዤ የተማርሁት፣ የተቀጠርሁት፣ ያገባሁት እኔ ስሆን እርሱ በዚያው ስም ለማዳበሪያ ወረፋ ይቆማል። ስለ ራሴ ማንነት ሳስብ የእርሱ ጉዳይ በሐሳቤ አለመኖሩን ያስተዋልሁት የብሉይ ተማሪው ሲጠይቁኝ ነው።

ትናንት ማታ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው ትንሿ ልጁ ነበረች፤ «ማን ልበል?» አለችኝ። ወደ ቤት በደወልሁ ቁጥር ስሜን ሳልጠራ «እኔ ነኝ» እያልሁ ነበር የማልፈው፤ ያም ስም ይህም ስም ከአፌ እንዳይወጣ። ትናንት የልጅነት ስሜን ነገርኋት፤ የአባትሽ ታናሽ ወንድም ብዬም ጨመርሁ። ስልኩን እንደ ያዘች ወደ ጓሮ እየሮጠች ስሜን ስትጣራ እሰማት ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን ስም ጮክ ብሎ ሲጠራ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወንድሜ ስልኩን ተቀብሎ ጥቂት ዝም አለ። መምጣት እንደምፈልግና ያ የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ እንዳለ፣ ይዤውም እንደምመጣ ነገርሁት። «ፎቶዬስ?» አለኝ። ከወረቀቱ የተላጠው ማለቱ ነበር። አጎታችን በዚያች ሌሊት የት እንዳደረገው እንደማላስታውስ ነገርሁት። እናታችን ከዳዊቷ ማኅደር ውስጥ አድርጋው እንደ ነበረና አሁን በእርሱ እጅ እንዳለ ነገረኝ። ገብሱ ታጭዶ እስኪገባ ሁለት ሳምንት እንድታገሥ ጠይቆኛል።